«ጎንበስ በሉ!» ሲባል ቀና የሚለው ማነው? (የዳንግላ የጉዞ ትዝብት)

ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደመጣች ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጋዜጣ ላይ ስለሆንኩ ተረቱን ልጨርሰው አልደፍርም። ያቺ ዶሮ ደግሞ ታንቃ የሞተችው ሌላ ሳይሆን «ሲሉ ሰምታ» ነው። አባቶቻችን ስለ ጊደርና ስለ ዶሮ የሚያወሩ ይመስላሉ እንጂ ነገሩ ስለ እኔና ስለ እናንተ ነው።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ሰልፍ ሳትጥሱ የምትቆሙት ለምንድነው? ሕግ ስለፈራችሁ ነው? የእግዜር ቁጣ ስለታያችሁ ነው? ወይስ ከፊታችሁ ያለው ሰው በሥርዓት ስለቆመ? መልሱን ለራሳችሁ ያዙት። የማስቲካ ወረቀት መንገድ ላይ ስትጥሉስ? መጀመሪያ ዓይናችሁ የሚሄደው ወዴት ነው? ወደ መሬቱ አይደለም? «እዚህ ሌላም ሰው ጥሏል» ብላችሁ ነው እጃችሁ የሚፈታው።

እኔ የሳይኮሎጂ ዲግሪ የለኝም፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው ደብተሬን የዘጋሁት። ግን ዓይን አለኝ፣ ጆሮም አለኝ። ይህን ነገር ደግሞ ከየትም ቦታ በላይ ጠርቶ ያየሁት በጥር ወር 2015 ዓ.ም ወደ ዳንግላ ስሄድ ነው። በዚያው ዓመት ክረምት በክልሉ ግጭት ተቀሰቀሰ፤ የዚያ አካባቢ መንገድም ለብዙ ሰው የጭንቅ መንገድ ሆነ። የኔ ጉዞ ከዚያ በፊት ነበር። እግዜር ለአገሩ ሰላሙን ይመልስለትና ወደ ጨዋታዬ ልግባ።

ከመነኸሪያው እስከ ዱርቤቴ

ከባሕር ዳር ዳንግላ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ነው። መራዊን ታልፋላችሁ፣ ወተት አባይን ታልፋላችሁ፣ ዱርቤቴን ታልፋላችሁ፣ ከዚያ ዳንግላ። አስፋልቱ ጥሩ ነው፣ ሜዳው ሰፊ ነው። በጥር ጤፉ ታጭዶ ክምሩ በየደጃፉ ቆሞ ስታዩት ሆድ ይሞላል። የተሳፈርኩት «አባዱላ» የምንላትን ሚኒባስ ነው። ወንበሩ ሞልቶ ሳለ ረዳቱ ከወንበሮቹ መሐል ዱካ እየዘረጋ አራት ሰው ጨመረ። ማንም ምንም አላለም። ማን ይናገራል? ዱካ ላይ የተቀመጡት ራሳቸው ሙሉ ሒሳብ ከፍለው አመስግነው ነው የገቡት።

ዱርቤቴ ከመድረሳችን በፊት ረዳቱ ከፊት ሆኖ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ትራፊክ አለ፤ መሐል ያላችሁ ጎንበስ በሉ!» አለ። ይህችን ዐረፍተ ነገር በኢትዮጵያ መንገድ የተጓዘ ሁሉ ያውቃታል። እኔ በመስኮት በኩል ስለነበርኩ ትእዛዙ አይመለከተኝም፤ እንደ ሲኒማ ተመልካች ሆኜ ነው ያየሁት። የመጀመሪያው ጎንበስ አለ። ሁለተኛው እሱን አይቶ ጎንበስ አለ። ሦስተኛዋ ደብተር የያዘች ወጣት ነበረች፤ እሷም ግራና ቀኝ አየችና አንገቷን ሰበረች። ወንበር ላይ ያሉት ደግሞ ነጠላና ጋቢያቸውን ዘርግተው እንደ መጋረጃ ከለሏቸው። መቼ ተማክረው? ማንም አልተማከረም! ሠላሳ ሰከንድ አልፈጀም።

አራተኛዋ ዕድሜያቸው ከስድሳ የማያንስ እናት ነበሩ። ቀጥ ብለው እንደተቀመጡ ናቸው።

«እማማ፣ ትንሽ ዝቅ ይበሉ እንጂ!» አለ ረዳቱ።

«ለምን ብዬ?»

«ትራፊኩ እንዳያይዎት ነዋ!»

«ልጄ፣ ሰርቄ አልያዝ። ከፍዬ ገብቼ እንደ ሌባ የምደበቀው በምን ዕዳዬ ነው?»

መኪናው ጸጥ አለ። ረዳቱ «እባክዎ» አለ፣ ሾፌሩ በመስተዋት ገላመጣቸው፣ ከኋላ አንዱ «ኧረ እኚህ ሴትዮ ያስቀጡናል!» አለ። እሳቸው ወይ ፍንክች! ይሄኔ ያቺ ደብተር የያዘችው ልጅ ከጎንበሰችበት ቀና አለች። ፊቷ ቀልቷል። ነጠላውን ከላይዋ ገፋ አድርጋ ከእማማ ጎን ቀጥ ብላ ተቀመጠች። እሷ ቀና ስትል የቀሩት ሁለቱም ቀስ ብለው ቀና አሉ። ትራፊኩ በሩን ሲከፍት አራቱም እንደ ፎቶ ተነሺ ተሰድረው አገኛቸው።

ሾፌሩ ተቀጣ። ትርፎቹ ውረዱ ተባሉ። እማማ ዘንቢላቸውን ይዘው ወረዱ፣ ልጅቷም ተከትላቸው ወረደች፤ ሁለቱ ወንዶች እያጉረመረሙ ወረዱ። «በእሳቸው ምክንያት!» ሲሉ ሰምቻለሁ። ሒሳባቸው ግን ተመለሰላቸው፤ እማማ ቆጥረው ነው የተቀበሉት።

አሁን ልብ በሉ። መኪናው እንደተንቀሳቀሰ ምን የሆነ ይመስላችኋል? «እሳቸው እኮ ልክ ናቸው» አለ ከፊቴ ያለው ሰውዬ። «እውነት ነው፣ ባለፈው የተገለበጠው መኪና ትርፍ ጭኖ አይደል?» አለች ሌላዋ። ነጠላዋን እንደ መጋረጃ የዘረጋችው ሴትዮ ሳትቀር «እኔም ደስ አላለኝም ነበር» አለች። እስከ ዳንግላ ድረስ መኪናው በሙሉ እማማን ሲያመሰግን ሄደ። እማማ ግን አልሰሙም፤ መንገድ ዳር ሌላ መኪና እየጠበቁ ናቸው።

እናንተዬ! ሁላችንም «ልክ ናቸው» ካልን ያ ሁሉ ጉንበሳ ከየት መጣ? እያንዳንዱ ሰው በሆዱ «ይሄ ነገር ልክ አይደለም፣ ግን የሚቃወመው እኔ ብቻ ነኝ» ብሎ ነበር። ብቻውን የመሰለው ሰው ሁሉ ተደምሮ መኪናውን ሞልቶታል።

ሰሎሞን አሽ የሚሉት ሰውዬ

ይህን ነገር ፈረንጆቹ በሙከራ አይተውታል። ሰሎሞን አሽ የተባለ በአሜሪካ የሚኖር የፖላንድ ተወላጅ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ተማሪዎችን ሰብስቦ መስመሮች አሳያቸው። «ከእነዚህ ከሦስቱ መስመሮች ከዚህኛው ጋር እኩል የሆነው የቱ ነው?» ነው ጥያቄው። ሕፃንም አይስተውም። ግን ከተሰበሰቡት ውስጥ እውነተኛው ተፈታኝ አንድ ብቻ ነበር። ሌሎቹ አስቀድመው የተነገራቸው ናቸው፤ ሁሉም በአንድ ድምፅ የተሳሳተውን መልስ ይሰጣሉ። ምስኪኑ ተፈታኝ ምን ያድርግ? ከአራት ተፈታኞች ሦስቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ዓይናቸው የሚያየውን ክደው ሰው ያለውን አሉ።

ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ይሄ አይደለም። አሽ ከተነገራቸው ሰዎች መሐል አንዱን ብቻ «አንተ እውነቱን ተናገር» ብሎ አስገባ። አንድ ሰው! በዚህ ጊዜ ተፈታኙ ከስህተተኞቹ ጋር መስማማቱ ከመልሶቹ አንድ ሦስተኛ ገደማ ወደ 5 በመቶ ወረደ። ሰው ደፋር ለመሆን ሠራዊት አያስፈልገውም ማለት ነው፤ አንድ ጓደኛ ይበቃዋል። ደብተር የያዘችው ልጅ እማማን አግኝታለች። ሁለቱ ወንዶች ደግሞ እሷን።

ዳንግላ፣ ወንዝ የተከተለው ሰውዬ ከተማ

ዳንግላ በአዊ ዞን የምትገኝ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በ480 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። የጥር ጠዋቷ ብርዳም ነው፤ ጋቢ የሌለው ሰው ይታዘንለታል። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አስፋልት ከተማዋን ሰንጥቋት ያልፋል፤ በእሱ ላይ አውቶቡሱ፣ ሲኖትራኩ፣ ባጃጁ፣ ጋሪውና በጉ አብረው ይሄዳሉ።

ብዙ ወጣት የማያውቀው ነገር አለ። ይህች ከተማ በአንድ ወቅት የእንግሊዝ ቆንስላ መቀመጫ ነበረች። ሮበርት ቺዝማን የተባለው ቆንሲል እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በዚህ ሲያገለግል ጊዜውን ያሳለፈው የጣናን ዳርቻና የአባይን ሸለቆ እየዞረ ካርታ በማንሳት ነው። በ1936 ስለ ጣናና ስለ አባይ መጽሐፍ አሳተመ። ከእሱ በፊት የአባይን ሸለቆ አካሄድ አብዛኛው ፈረንጅ በግምት ነበር የሚስለው፤ አንዱ የሌላውን ግምት እየገለበጠ! ቺዝማን ግን ሄዶ አየ። እኔ ይህን ሰውዬ የምወድለት ለዚህ ነው። ሌሎቹ ሰው ሲከተሉ እሱ ወንዙን ተከተለ።

ጋቢና የሌላት ባጃጅ

ዳንግላ ውስጥ አንድ የባጃጅ ሾፌር ተዋወቅሁ። ዕድሜው ሃያ አራት ነው፤ ስሙን አልጠቅስም። ተሳፍሬ ስንሄድ መንገድ ላይ አንድ ጎረምሳ አስቆመው። ከኋላ ሦስት ሆነናል።

«ጋቢና ልግባ» አለ ጎረምሳው። ጋቢና ማለት ከሾፌሩ ጎን፣ በግማሽ ቂጥ የሚቀመጡባት ቦታ መሆኗ ነው።

«የኔ ባጃጅ ጋቢና የላትም ወንድሜ» አለው።

«ሁሉም ይጭናል እኮ!»

«እሱን ሁሉምን ጠይቀው» ብሎት ሄደ።

ገረመኝና ማታ ሻይ ጋብዤ አወጣጣሁት። ታሪኩ እንዲህ ነው። ሥራ ሲጀምር እሱም በጋቢና ይጭን ነበር። መንጃ ፈቃድ እንኳ አልነበረውም። «ማን ነበረው? ሁሉም ዝም ብሎ ነበር የሚነዳው። መንጃ ፈቃድ ላውጣ ብትል ይስቁብሃል፤ ፋራ ይሉሃል» አለኝ። አንድ ምሽት አብሮ አደጉ የሆነ ሾፌር በሁለት በኩል ሰው ለጥፎ ሲነዳ መሪውን እንደልቡ ማዞር አቅቶት ተገለበጠ። ከጎኑ የነበረው ተሳፋሪ እግሩን አጣ። ልጁ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበር።

«በማግሥቱ ተራ ስንጠብቅ ማንም ስለሱ አላወራም» አለኝ። «ሁላችንም ያው ነን፤ ማን ማንን ይወቅሳል? የመጀመሪያው ሰው ጋቢና ሲጠይቀኝ ግን እጄ ተንቀጠቀጠ። የላትም አልኩት። በቃ ከዚያ ወዲህ የላትም።»

«ገቢህ አልቀነሰም?»

«ቀንሷል። ግን እናቶች እኔን መርጠው መሳፈር ጀመሩ። ልጃቸውን ትምህርት ቤት አድርስልን ይሉኛል፤ የወር ሒሳብ ነው የሚከፍሉኝ። አሁን ከተራችን አራት ልጆች ጋቢና ትተዋል። እኔ ተዉ ብያቸው አይደለም፤ አይተው ነው።»

ፋራ! ይህች ቃል ስንት ወጣት እንደገደለች የሚቆጥር የለም። በአገራችን መንገድ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ይሞታል። ከዚህ ውስጥ «ፋራ እንዳልባል» ብሎ የሞተው ስንቱ ነው? የራስ ቁር ያላደረገው፣ ቀበቶ ያላሰረው፣ ጠጥቶ «ልንዳ» ያለው። የፖሊስ መዝገብ «በፍጥነት ማሽከርከር» ብሎ ያልፈዋል እንጂ «በጓደኛ ሣቅ» ብሎ አይጽፍም።

ግድግዳውና ሲጋራው

በየከተማችን የምታውቁት አንድ ግድግዳ አለ። «እዚህ ቦታ መሽናት ክልክል ነው፤ ያስቀጣል» ተብሎ በትልቁ ተጽፎበታል። ከጽሑፉ ሥር ግን ግድግዳው ርጥብ ነው። ዳንግላም ይኼ ግድግዳ አላት። ቆሜ ተመለከትኩት። አንድ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ መጣ፣ ጽሑፉን አነበበ፣ ወደ ታች አየ፣ ከዚያ... የቀረውን ተዉት። ጽሑፉ «አትሽና» ይላል፤ ርጥቡ መሬት ግን «ሁሉም ይሸናል» ይላል። ሰውዬው ያመነው መሬቱን ነው።

ሆላንድ ውስጥ ግሮኒንገን በምትባል ከተማ ተመራማሪዎች ይህንኑ ፈትነው እ.ኤ.አ. በ2008 አሳትመውታል። ብስክሌት በሚቆምበት መንገድ ላይ ግድግዳ አለ፤ «መጻፍ ክልክል ነው» የሚል ምልክት ተለጥፎበታል። በእያንዳንዱ ብስክሌት ላይ የማይረባ ወረቀት ያንጠለጥላሉ። ግድግዳው ንጹሕ ሲሆን ወረቀቱን መሬት የጣለው 33 በመቶው ነው። ግድግዳውን ሲያቆሽሹትና ሲሞነጫጭሩት ግን 69 በመቶው ጣለ። ያው ከተማ፣ ያው ሕዝብ! ልብ በሉ፣ የተጣሰው ሕግ ስለ ግድግዳ ነው፤ ሰዉ የጣሰው ግን ስለ ቆሻሻ ነው። አንዱ ሕግ ሲደፈር ሌላውም ይደፈራል።

በተቃራኒው ደግሞ ይህን ላጫውታችሁ። በዚያው ቀን ምሳ ልበላ አንድ ምግብ ቤት ገባሁ። አንድ ወጣት ቡናውን አዝዞ ሲጋራ አወጣ፣ ክብሪቱንም አወጣ። ከዚያ ቀና ብሎ ጠረጴዛዎቹን ቃኘ። የሚያጨስ የለም፤ መተርኮሻም የለም። ማንም አልተናገረውም፣ ማንም አልገላመጠውም። ሲጋራውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ወደ ውጭ ወጣ። ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጨስን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1112 የወጣው በ2011 ዓ.ም ነው። ወጣቱ አዋጁን ያነበበ አይመስለኝም። ያነበበው የኛን ጠረጴዛ ነው።

ፈረሰኞቹና ዲከረንሱ

ጥር 23 ቀን ከዳንግላ ተነስቼ እንጅባራ ገባሁ፤ 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር 83ኛ ዓመቱን የሚያከብርበት ቀን ነው። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም እንደተመሠረተ ይነገራል፤ የአድዋ ፈረሶችንና ፈረሰኞችን ውለታ ያስባል። ሜዳው ላይ ያን ሁሉ ያሸበረቀ ፈረስ ሲጋልብ ያየ ሰው አገሩን ደግሞ ይወዳል። አባላቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ ማኅበሩ የራሱ ደንብና አለቃ አለው፤ አባል ከአባል ሲጣላም ያስታርቃል።

አንድ አዛውንት ፈረሰኛ አጠገብ ቆሜ፣ «አባባ፣ ይህ ሁሉ ሰው ደንብ የሚያከብረው ቅጣት ፈርቶ ነው?» አልኳቸው። ሣቁብኝ። «ምን ቅጣት አለው ልጄ? ሰው ያየዋላ! ፈረስ ላይ ያለ ሰው ከሩቅ ይታያል» አሉኝ። ይህችን መልስ ከብዙ መጽሐፍ አስበልጫታለሁ። እድራችንም እንደዚያው አይደል? የእድር ቅጣት ብሩ ለቡና እንኳ አይበቃም። ግን ለቅሶ የሚቀር አለ? የለም። ይሉኝታ የምንላት ነገር ናት የምትጠብቀን። ጎረቤት ያያል፤ እኛም ጎረቤት ሲመጣ እናያለን። ይኸው ይሉኝታ ግን ሁለት ስለት ያለው ቢላ ነው። ለቅሶ ቤት ያደርሰናል፤ መኪና ውስጥ ደግሞ ያጎነብሰናል። የሚያየን ሰው ማን እንደሆነ ነው ልዩነቱ።

መምሰል ሁልጊዜ መጥፎ አይደለም። ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ስትሄዱ አዲስ ቅዳም አካባቢ ኮረብታው ሁሉ ዲከረንስ በሚሉት ዛፍ ተሸፍኖ ታያላችሁ። ገበሬው ችግኙን ተክሎ በመሐሉ ጤፍ ይዘራል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስላል፤ መሬቱም ያገግማል። ይህን በመመሪያ ብቻ ያስፋፋው የለም። አንዱ ተከለ፤ ጎረቤቱ የቆርቆሮ ቤት ሲሠራ አየው፤ እሱም ተከለ። ቀጥሎ ያለው ምን ይጠብቃል? የተራቆተው መሬት እንዲህ አረንጓዴ ሆነ። ቅርብ ዓመታት ግን ዛፉን የሚያደርቅ በሽታ ገባ። ሁሉም አንድ ዓይነት ዛፍ ስለነበረው ሁሉም ባንድ ላይ ተጎዳ። ጎረቤትን መከተል ያበለጽጋል፤ ዓይንን ጨፍኖ መከተል ግን ሲመጣ ለሁሉም ነው የሚመጣው።

ሌሎች ካላከበሩት ጨርሶ ትርጉም የሌለው ሕግም አለ። አያቶቻችን በግራ ነበር የሚነዱት። ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም ኢትዮጵያ ወደ ቀኝ ተሻገረች። በዚያ ጠዋት አንድ ሾፌር «እኔ ሰው ምን እንደሚያደርግ አይቼ ነው» ቢል ኖሮ ምን ይሆን ነበር? የቀኝ መንገድ ከግራው የተሻለ ጽድቅ የለውም። ሕግ ያደረገው ሁላችንም አንድ ላይ መያዛችን ነው።

ታዲያ እኛ ወጣቶች ምን እናድርግ?

ምክር አምድ ነውና ያለ ምክር አልለያችሁም።

አንደኛ፣ «ሁሉም ሰው ያደርገዋል» ስትባሉ ቁጠሩ። እስቲ ስንት ነው ይሄ «ሁሉም»? ብዙ ጊዜ ስትቆጥሩት ሦስት ወይም አራት ሰው ነው፤ ድምፃቸው ስለሚጮህ ነው ሺህ የሚመስሉት። «ጓደኞቼ ሁሉ ይቅማሉ፣ ጓደኞቼ ሁሉ ከወንድ ጋር አድረው ያውቃሉ፣ እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት» እያላችሁ የምትጨነቁ እህቶችና ወንድሞች፣ ያ መኪና ትዝ ይበላችሁ። ጓደኛችሁም በሆዷ «እኔ ብቻ ነኝ» እያለች ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ ጀግና መሆን ካቃታችሁ ሁለተኛ ሁኑ። እንደ እማማ የመጀመሪያ መሆን ከባድ ነው፤ ይሰድቧችኋል፣ ከመኪና ያስወርዷችኋል። ሁለተኛው ሰው ግን የሚከፍለው ትንሽ ነው፤ ሥራው ትልቅ ነው። ሰልፍ የጣሰውን «ወንድሜ ተራ ያዝ» ያለች ልጅ ስታዩ «ልክ ናት» በሉ። ሁለት ቃል ነው! መኪናው ከሄደ በኋላ ሳይሆን እሷ እየሰማች በሉት።

ሦስተኛ፣ ጥሩውን ነገር በሰው ፊት አድርጉት። እንደ ፈረሰኛው ከሩቅ ታዩ። ቀበቶ ስታስሩ በቀስታ አትሰሩት። ያ የባጃጅ ሾፌር አልሰበከም፤ አራት ሰው ግን አስተካክሏል።

አራተኛ፣ «ይህ ሕዝብ አይረባም፣ ወጣቱ በሙሉ ተበላሽቷል» የሚለውን ዘፈን ተዉት፤ አትሰብኩት። አሜሪካ አሪዞና ውስጥ ድንጋይ የሆነ ጥንታዊ ዛፍ የሚገኝበት ፓርክ አለ። ጎብኚ ስባሪውን እየሰረቀ አስቸገረ። ሮበርት ቻልዲኒ የተባለ ምሁርና ጓደኞቹ ሁለት ዓይነት ማስታወቂያ ሞከሩ። «እባካችሁ አትውሰዱ» የሚለው በተተከለበት ከተፈተነው ስባሪ የተሰረቀው 2 በመቶ አይሞላም። «ብዙ ጎብኚዎች እየወሰዱ ፓርኩን አበላሹት» የሚለው በተተከለበት ግን ወደ 8 በመቶ ደረሰ። ለምን? ሌብነቱን ሲያወግዙ «ሁሉም ይሰርቃል» ብለው ስላስተማሩ ነዋ! አባቶችና ባለሥልጣኖችም ይህችን ቢያስቧት ደግ ነው።

አምስተኛ፣ ሕጉ የሚጣስበትን ምክንያትም ጠይቁ። እማማ ዱካ ላይ የተቀመጡት መኪና ስላልበቃ ነው። ከሰዓት በኋላ መነኸሪያው ባዶ ከሆነ፣ ሕዝቡ ደግሞ ቤቱ መግባት ካለበት፣ ትርፍ መጫን የክፋት ብቻ ውጤት አይደለም። ሽንት ቤት የሌለው ከተማ ግድግዳ ላይ ቢጽፍ ምን ዋጋ አለው? ማስጠንቀቂያ ከመጻፍ በፊት መፀዳጃ መቆፈር ይቀድማል። ይህን ሳይሠሩ ሰውን ብቻ መቅጣት እማማን መንገድ ዳር ጥሎ መሄድ ነው።

በመጨረሻም እናንተ ሌሎቹን እንደምታዩ ሁሉ ሌሎቹም እናንተን እያዩ ነው። ከኋላችሁ የቆመው ተማሪ፣ ታናሽ እህታችሁ፣ መንገድ ለመሻገር ከጎናችሁ የቆመው ሕፃን፣ ሁሉም «ሰው ምን ያደርጋል?» ብለው ዓይናቸውን የሚጥሉት እናንተ ላይ ነው። ያ «ሁሉም ሰው» የምትሉት ሰው ማን እንደሆነ ፈልጋችሁ ካጣችሁት መስተዋት ፊት ቁሙ። ሰላም ሰንብቱ!